ከላይ የተጀመረው መንገድ

ጋይሎ በምትባል የጋሞ ደጋ መንደር አናት ላይ ስድስት ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ስፋቱ ሁለት አይሱዙ ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ የውሃ መውረጃው ግራና ቀኝ በወጉ ተቀዷል፤ ጠምዛዛው ላይ ሳይቀር የድንጋይ ካብ ተሠርቶለታል። ያልተሟላለት ነገር ቢኖር መኪና ብቻ ነው። ከመንደሩ ላይኛው ጫፍ ይነሣና ቁልቁል ሲወርድ፣ ሲወርድ ቆይቶ ገደል አፋፍ ላይ ቀጥ ይላል። ከገደሉ በታች ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ አለት፣ ከአለቱ በታች ደግሞ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አውራ ጎዳናና አባያ ሐይቅ ይታያሉ። አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ከታች የሚያልፉትን አውቶቡሶች በቀለማቸው መለየት ይችላል። ለመሳፈር ግን ገደሉን እየዞረ በእግሩ አራት ሰዓት መውረድ አለበት።

ይህን ያየ እንግዳ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል። መንገድ እንዴት ከላይ ይጀመራል? ጥያቄው አይፈረድበትም። መልሱን ለማወቅ ግን ኤርጫፎ የሚባለውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤርጫፎ ሸማኔ ነው። በጎረምሳነቱ አራት ዓመት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ሸምኗል፤ አማርኛን ይዞ የመጣው ከዚያ ነው። ማንበብና መጻፍን ደግሞ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አገኘ። የእጅ ጽሑፉ እንደሚሠራው ጥለት የተስተካከለ ስለሆነ ከኦቾሎ ቀበሌ ጀርባ ባለችው በጋይሎ ደብዳቤ የመጣለትም፣ ደብዳቤ መላክ የፈለገም የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። እሱም አይሰለችም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ትንሽ ይኮራበታል። ሰው ሁሉ አንድ የሚኮራበት ነገር ያስፈልገዋል፤ የእሱ ኩራት ፊደሉ ነበር።

በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት «የተመጣጠነ ልማት» የሚባል ነገር አገሩን አጥለቀለቀው። ስብሰባው ሁሉ እሱ፣ ሬዲዮው ሁሉ እሱ፤ የመንግሥት ቢሮዎች ባሉበት በአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ በሴቻ፣ ያልተጻፈበት የቢሮ ግድግዳ አልነበረም። ነገሩ መጥፎ አልነበረም። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ማን ይታለልበት ነበር? ኤርጫፎ ቀበሌውን ወክሎ ሴቻ ለስብሰባ በሄደ ጊዜ ሰማውና ደብተሩ ላይ አሰፈረው። ተመልሶ ለሽማግሌዎቹ በጋሞኛ ሲያስረዳ እንዲህ አለ።

«እስከ ዛሬ መሶቡ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ እየጠገበ፣ ጥግ የተቀመጠው ጾሙን ያድር ነበር። ከእንግዲህ እንጀራው ከጥጉ ልጅ ይጀመራል ነው የሚሉት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የጥጉ ልጅ ማን እንደሆነ የጋይሎ ሰው ነጋሪ አያሻውም። ድንቹን በጀርባው አዝሎ ሜዳው ገበያ እስኪያደርስ ትከሻው ይላጣል፤ ገዢው ደግሞ መልሶ እንደማይሸከመው ስለሚያውቅ በፈለገው ዋጋ ይወስድበታል። የተመደበ አስተማሪ ዳገቱን አንድ ጊዜ ይወጣና ሁለተኛ አይመለስም። በቃሬዛ የወረደ በሽተኛ ብዙ ጊዜ በዚያው ቃሬዛ ይመለሳል።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጌታነህ መጣ። ከሴቻ ቢሮዎች አንዱ የላከው መሐንዲስ ነው፤ የቢሮው ስም በየሁለት ዓመቱ ስለሚለወጥ እዚህ ላይ መጥራቱ ትርፍ የለውም። ወጣት ነው፤ ሳቂታ ነው፤ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ የመጣ የመጀመሪያው ባለሥልጣን ነው። ኤርጫፎ ቤት ሁለት ቀን አደረ። የኤርጫፎ ሚስት ወርቂቱ ቆጮ በአይብ አቀረበችለት፤ ሳይጸየፍ በላ፤ ድገሚኝም አለ። ቀን ቀን ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል እየተከለ ሸንተረሩን ለካ። ሊሄድ ሲል ኤርጫፎን ጥላ ሥር ቁጭ አድርጎ ነገሩን በአጭሩ ነገረው።

«ከላይ ያለው ስድስት ኪሎ ሜትር አፈር ነው፤ እሱን እናንተ በጉልበታችሁ ትሠራላችሁ። ከታች ያለው ሦስት ኪሎ ሜትር ከነአለቱ፣ ከነድልድዩ የመንግሥት ነው። ማሽን ይመጣል። በጀቱ ጸድቋል ጋሽ ኤርጫፎ። ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ተኩል።»

«ጸድቋል ማለት፣ አለ ማለት ነው ኢንጂነር?»

«አለ ማለት ነው።»

ኤርጫፎ ይህን ይዞ ዱቡሻ ወጣ። ዱቡሻ የጋሞ ሰው የሚመክርበትና የሚታረቅበት ሜዳ ነው። ተናጋሪው እርጥብ ሣር ጨብጦ ይቆማል፤ ሌላው ይሰማል፤ አያቋርጠውም። ነገሩን ዘርዝሮ ሲጨርስ ካሳ የሚባለው ገበሬ ተነሣ። ችካሉ የካሳን እንሰት ለሁለት ከፍሎ ነበር የሚያልፈው፤ እንሰት ደግሞ ዛሬ ቆርጠው ነገ የሚተኩት ነገር አይደለም፣ ለመድረስ ስድስትና ሰባት ዓመት ይፈጃል።

«እኛ ቆፍረን መንግሥት ቢቀርስ?» አለ ካሳ።

ኤርጫፎ የጨበጠውን ሣር መሬት ላይ አኖረና «ቃሉ የእኔ ነው። ማሽኑ ካልመጣ እኔን ጠይቁኝ» አለ።

ይህ በሌላ አገር ወግ ይሆናል። በጋይሎ ግን ዱቡሻ ላይ የተቀመጠን ቃል የሚያነሣው ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ሌላው ላንሣው ቢል፣ ወይም ሥራውን ትቶ እቤቱ ቢቀመጥ፣ ባለቃሉን ፊት ለፊት ውሸታም ብሎ መስደቡ ነው። ቃሉ የወደቀበት ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ ይቀመጣል እንጂ አይናገርም። የገዛ ልጁን ሲድር እንኳ የሚናገርለት ሰው ይለምናል። ኤርጫፎ ለመንገዱ ያስያዘው ይህን ነው፤ አፉን። ሲያስይዘው አልፈራም። ኢንጂነሩ ቤቱ በልቶ፣ ዓይኑን እያየ «አለ» ብሎታላ!

ሥራው ኅዳር ላይ ተጀመረ። ከየት ይጀመር የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሣም። በጋሞ ሥርዓት ማናቸውም ነገር፣ ምርቃቱም፣ ዘሩም፣ የበዓሉ ሥጋም ከበኩሩ፣ ከባይራው ይጀምራል። የጋይሎ ባይራ አባ ኦይታ ናቸው፤ ቤታቸው ያለው የመንደሩ ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መቆፈሪያ ያረፈው በአባ ኦይታ ደጅ ነው፤ መንገዱም ከእሳቸው ደጅ ተነሥቶ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ጌታነህ በሌላ ጊዜ መጥቶ ሲያይ ሳቀ።

«ቴክኒኩ ከታች ነበር የሚለው» አለ። «ግን ግድ የለም፣ መሀል ላይ እንገናኛለን።»

ግድ ነበረው። ከታች ተጀምሮ ቢሆን በአውራ ጎዳናው የሚያልፍ ሁሉ፣ ሚኒስትርም ይሁን ነጋዴ፣ አንገቱን አዙሮ ያልተጨረሰ መንገድ ያይ ነበር። ያፈጠጠ ነገር ያሳፍራል፤ ይጠየቃልም። ከላይ የተጀመረን መንገድ ግን ከታች ሆኖ የሚያየው ማንም የለም። ይህን ያሰበ ሰው በዚያ ቀን አልነበረም።

ማክሰኞና ዓርብ መለከት ይነፋል። ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ባለሁለት ጣት መቆፈሪያውን ይዞ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ጎጥ በገመድ ተለክቶ ድርሻው ይሰጠዋል። ኤርጫፎ መጀመሪያ የራሱን እንሰት ቆረጠ፤ ማንም አፉን እንዳይከፍትበት። ቀጥሎ ካሳ ቆረጠ። ሚስቶቻቸው ቆመው አዩ።

አሁን የበጀትን ነገር በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል፤ ቢረዝም የሚያናድድ ነገር ነውና። የመንግሥት ዓመት ሐምሌ አንድ ይጀምራል፤ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። የጸደቀው በጀት ግን ሐምሌ ላይ አይመጣም፤ ጥቅምት ላይም አይመጣም። ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ የጋሞ ሰማይ ሲቀደድ፣ አፈሩ እግር ሲይዝ ይለቀቃል። ዝናቡ ጋብ ሲል ሰኔ ሠላሳ ደርሷል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ መጣበት ይመለሳል። አንደኛው ዓመት እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት «ጥናቱ ይከለስ» ተባለ። ችካል የተከለው ሰው ራሱ ያጠናውን እንደገና እንዲያጠና ታዘዘ ማለት ነው።

ኤርጫፎ በየጊዜው ይሄዳል። ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልሎ ገደሉን ይወርዳል፤ አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ይጠብቃል፤ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ደርሶ በሚኒባስ ወደ ሴቻ ይወጣል። ጌታነህ አንድም ቀን ፊት ነሥቶት አያውቅም። ሻይ ያዝለታል፤ ስለ ወርቂቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል። «በርቱ» ይለዋል፤ «የእናንተ ነገር በየስብሰባው ምሳሌ ሆኗል።» ኤርጫፎ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ ጋይሎ ምሳሌ መሆኗንም ዱቡሻ ላይ ይናገራል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ወርቂቱ ግን ከሴቻ ሲመለስ ምን አሉህ ብላ የምትጠይቀውን እየተወች መጣች። ውሃ ታቀርብለታለች፣ እግሩን ታስታጥበዋለች።

በሰማንያ ስምንት ጥር ላይ ማሽኑ መጣ።

እውነት ነው፣ መጣ! ቢጫ ዶዘር በትልቅ ተሳቢ ተጭኖ ሜዳው ላይ ሲወርድ ከአፋፉ የታየ ጊዜ ጋይሎ ውስጥ እልል ያላለ ሴት አልነበረም። ሽማግሌ ሳይቀር ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጦ ዋለ። አባ ኦይታ ሣር ይዘው መረቁት። ኤርጫፎን ትከሻው ላይ የሚመታው፣ እጁን የሚስመው በዛ፤ እሱም በዚያ ቀን ከዕድሜው አሥር ዓመት የወረደለት መሰለው።

ዶዘሩ አንድ ቀን ቆመ። ሁለት ቀን ቆመ። ወርደው ያዩ ልጆች ሾፌሩ ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታል አሉ። አፈር የሚባል አልነካም። ዘጠኝ ቀን ቆሞ በዐሥረኛው ተሳቢው ተመልሶ መጣና ጫነው፤ ወደ መጣበት ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞት ሄደ። አፋፉ ላይ ሰው እንደተሰበሰበ ነበር። ሁሉም ዞሮ ኤርጫፎን አየው።

«ለነዳጅ ነው የሄደው» አለ ኤርጫፎ። «ይመለሳል።»

በማግስቱ ሴቻ ሮጠ። ጌታነህ ማሽኑ እንግዶች በሚመጡበት ሌላ ቦታ ለሁለት ሳምንት እንደተፈለገ ነገረውና ከመሳቢያው ቅጽ አወጣ። የሕዝብ ተሳትፎ ማረጋገጫ ይላል። ኤርጫፎ ማንበብ የሚችል ሰው ነው፤ አነበበው። መሀሉ ላይ ብዙ ባዶ መስመር ነበረ።

«ይሄ ባዶ ነው ኢንጂነር።»

«እሱን ማሽኑ ሲጨርስ እሞላዋለሁ። አሁን ካልፈረምክልኝ በጀቱን ማስለቀቅ አልችልም፤ እንደገና ሰኔ ይደርስብናል።»

ሰኔ ሲባል ኤርጫፎ ደነገጠ። ብዕሩን ተቀበለና ሳይቸኩል፣ በሚያምር ፊደል ስሙን ጻፈ።

ማሽኑ ሳይመለስ ዓመቱ አለቀ። በሚቀጥለው «በጀቱ ተዛውሯል» ተባለ። ወዴት እንደተዛወረ ጠይቆ መልስ አላገኘም። ሕዝቡ ግን ማክሰኞና ዓርብ መውጣቱን አልተወም። የሚገርመው እሱ ነው፤ እንዲያውም ኤርጫፎ ሲደክመው እነሱ ያበረቱት ነበር። ከላይ በተቆፈረው ላይ ሣር ሲበቅል መልሰው ይመነጥራሉ፤ ከታች ይቀጥላሉ። በዘጠና ጥር ላይ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ገደሉን ነካ። የራሳቸውን ድርሻ እስከ መጨረሻዋ ስንዝር ሠሩ። ያኔ ኤርጫፎ አፋፉ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ የደስታ እንባ ነበር። ከአራት ወር በኋላ በሰሜን ጦርነት መጣ፤ ስለ መንገድ መጠየቅ ራሱ የሚያሳፍር ነገር ሆነ። ጠበቀ።

በዘጠና አንድ ኅዳር ላይ፣ አሁንስ ይበቃል ብሎ ሴቻ ወጣ። የጌታነህ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ጌታነህ አድጎ ወደ አዋሳ ተዛውሯል ተባለ፤ ዕቃውን ሊጭን ሲቀላ ነው ያለው። ኤርጫፎ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ሰናይትን ለመናት፤ የጋይሎን ፋይል አወጣችለት። ገልጣ አየችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ የእናንተማ አልቋል እኮ።»

«ምኑ?»

«መንገዱ። ይኸው፣ ሰማንያ ስምንት ሰኔ ላይ ተጠናቋል ይላል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር፣ ከነድልድዩ። ሕዝቡም ተረክቧል።» ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችለት። «ይሄ የእርስዎ ፊርማ አይደለም?»

የእሱ ነበር። ባዶዎቹ መስመሮች በሙሉ ተሞልተዋል፤ በሌላ ሰው፣ በተጣደፈ እጅ። ከታች የእሱ ስም ተስተካክሎ፣ ፊደሉ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ኤርጫፎ የገዛ ስሙን በጣቱ እየተከተለ እንደ ሌላ ሰው ስም አነበበው። ሰናይት ደንግጣ ወንበር አቀረበችለት።

አዲሱ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰማው። ግን እሱም የራሱ ወረቀት ነበረው።

«አባቴ፣ አሁን የምንሠራው በተመጣጠነ ልማት መርህ ነው» አለው። «መንገድ የሌላቸው ቀበሌዎች ይቀድማሉ። እናንተ ተራችሁን አግኝታችኋል። ለእናንተ ልጨምር ብል ሌላውን መበደል ነው።»

«መንገዷ የለችም እያልኩ ነው። መጥታችሁ እዩ።»

«እናይ ነበር። ግን ዳገቱን የሚወጣ የመስክ መኪና የለንም።»

«ብትኖርስ በምን በኩል ትወጣለች ጌታዬ?» አለ ኤርጫፎ። ኃላፊው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ።

ሲቀላ ሲወርድ ደሙ ፈልቶ ነበር። ጌታነህን አንድ ግቢ በር ላይ አገኘው፤ ፍራሽና ቁም ሣጥን አይሱዙ ላይ እያስጫነ። ኤርጫፎን ሲያይ እንደ ወትሮው ሊስቅ ጀመረና ተወው።

«ኢንጂነር፣ መንገዷ አለቀች ይላል ወረቀት።»

«ጋሽ ኤርጫፎ፣ ና፣ ቁጭ በል።»

«ቆሜ ነው የምሰማ።»

ጌታነህ ጫኞቹን ራቅ አደረጋቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ያን ዓመት ገንዘቡ የተለቀቀው ግንቦት ላይ ነው። በስድስት ሳምንት ካልዋለ ይመለሳል፤ የመለሰ ቢሮ ደግሞ ለከርሞው ይቀነስበታል። እንግዶች የሚያዩት ሌላ መንገድ ነበር፣ ተጀምሮ የቀረ። እዚያ ላይ አዋልነው፤ ሒሳቡን በእናንተ ስም ዘጋን። ለከርሞ በሌላ ስም እከፍትላቸዋለሁ ብዬ ነበር። አስቤ ነበር፣ እግዜር ያውቃል።»

«ማሽኗን ጭነው ሲሄዱ፣ እንደማትመለስ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

ጌታነህ መሬት መሬት አየ። «አውቅ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቆፈርን። ሻይ እየጋበዙ በርቱ አሉኝ።»

«ምን ልበልህ? ሪፖርቱ ላይ የሕዝብ ተሳትፎ ነበር የሚያምረው። አቁሙ ብል ለምን አቁሙ አልክ ይሉኛል።»

«ቤቴ በልተዋል» አለ ኤርጫፎ። አዲስ አበባ የተማረው አማርኛ፣ ደብተር የሞላው አማርኛ ሁሉ ጥሎት ጠፋ። «ወርቂቱ ሠርታ፣ ከቤቴ በልተዋል።»

ሰውየው የሆነ ነገር ሊሰጠው እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ኤርጫፎ ምን እንደሆነ ሳያይ ዞሮ ሄደ።

ዳገቱን ሲወጣ ያሰበው ስለ ጌታነህ አልነበረም። ጌታነህ የሰው አገር ሰው ነው፤ ቁም ሣጥኑን ጭኖ ይሄዳል። ያሰበው እነዚያን ሦስት መቶ ሰዎች ነው። እንሰቱን የቆረጠውን ካሳን፣ በሰባ ዓመታቸው ድንጋይ የተሸከሙትን አባ ኦይታን። አታለልኳቸው እያለ ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ደግሞ ለራሱ አዘነ፤ ከነገ ወዲያ ዱቡሻ ላይ ድምፅ የለውም። ልጁ ለጋብቻ ደርሳለች።

በሦስተኛው ቀን ሕዝቡ ተሰበሰበ። ኤርጫፎ ሣሩን ጨብጦ መሀል ቆመ። ምንም አላስቀረም፤ ባዶ ወረቀት መፈረሙንም፣ ማሽኑ ላይመለስ መሄዱንም፣ መንገዱ በወረቀት ላይ አልቆ መቀመጡንም ተናገረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ቃሌን አነሣሁ፤ ወድቋል። ከዛሬ ጀምሮ አልናገርም» አለና ሰድበው እንዲያባርሩት ጠበቀ። መሰደቡን ፈልጎት ነበር፤ ስድብ ሰው ያቀልላል።

ማንም አልሰደበውም። ማንም አልደነገጠም። ይልቁንስ ሜዳው ላይ፣ ለረጅም ጊዜ ሸክም ይዞ ቆይቶ ያወረደ ሰው የሚያሰማው ዓይነት ትንፋሽ ተሰማ። ኤርጫፎ ግራ ገባው።

አባ ኦይታ ከተቀመጡበት ሆነው ተናገሩ። «ልጄ፣ ማሽኑን ሲጭኑት እኛም አፋፉ ላይ ነበርን። ዓይን አለን። ጎማው የዞረው ወደ የት እንደሆነ አይተናል።»

«ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቆፈራችሁ?» ድምፁ ጮኸ። «ሁለት ዓመት! ለምን ቆፈራችሁ?»

የመለሰለት ካሳ ነው፤ ያ ተጠራጣሪው ካሳ። «ቃሉ ያንተ ነበራ። አንተ ሳታነሣው እኛ ብንቀመጥ አንተን መጣል ነው። ዛሬ ያነሣዋል፣ ነገ ያነሣዋል ብለን ጠበቅን። አንተ ደግሞ ከሴቻ በመጣህ ቁጥር በርቱ አልከን። በረታን።»

ኤርጫፎ መሀል ሜዳ ላይ ቁጭ አለ። ሳያስበው ነው የተቀመጠው። ሦስት መቶ ሰው ማክሰኞና ዓርብ አፈር የገፋው ለመኪና ብሎ አልነበረም፤ እሱን ላለማሳፈር ነው። ጌታነህ ሲክደው ቢያንስ መናደድ ችሎ ነበር። አሁን የሚናደድበት ሰው አጣ። በደግነታቸው ውስጥ ብቻውን እንደተተወ ሰው ተሰማው፤ ሁሉም የሚያውቀውን እሱ ብቻ ሳያውቅ፣ እየተዘፈነለት የኖረ ሞኝ። አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ሌላ ነገር የሚያዩ መሰሉ።

እቤቱ ሲደርስ ወርቂቱ እንሰት ትፍቅ ነበር። ሳንቃው ላይ ጎንበስ ብላ መፋቂያዋን ታስኬዳለች። አጠገቧ ቆመ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

እጇ አልቆመም። «አውቅ ነበር።»

«እነሱስ የዱቡሻ ሕግ ያዛቸው። አንቺ ሚስቴ ነሽ! አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ጊዜ ፌስታሌን ይዤ ስወርድ እያየሽ?»

ወርቂቱ መፋቂያውን አስቀመጠች። እጇን በሻሿ ጫፍ ጠራረገች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ድካም ነበረባት።

«ምን ብዬ ልንገርህ ኤርጫፎ? አንተ የምታውቀውን? ማሽኑ ለነዳጅ ነው የሄደው ያልከን ቀን አንተም ታውቅ ነበር።»

«አላውቅም ነበር! ለነዳጅ ነው የተባልኩት።»

«ማን ነው ያለህ?»

ኤርጫፎ ያን ቀን አስታወሰ፤ ተሳቢው ሲዞር፣ አቧራው ሲነሣ፣ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሲዞር። ሾፌሩ ነው ሊል ፈለገ፤ ሾፌሩን በቅርብ አይቶት አያውቅም። ጌታነህ ነው ሊል ፈለገ፤ ጌታነህን ያገኘው በማግስቱ ነው። ለነዳጅ ነው ብሎ የነገረውን ሰው ቆሞ ፈለገ፣ ፈለገ። ማንም አልነገረውም ነበር።